ሁለቱ ነቀርሳዎች፦ በአስቤስቶስ የሚመጣው ካንሰር ለምን ከዐይን ይሰወራል?

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ አያት በሚጓዘው የከተማ ባቡር የተሳፈረ ሰው በሲኤምሲ ማለፉ አይቀርም። በሰፈሩ ተወልደው ያደጉ ብዙ ወጣቶች ግን ሦስቱ ፊደላት የምን ምሕጻር እንደሆኑ ቢጠየቁ ለመመለስ ሊቸገሩ ይችላሉ። ስሙ የተወረሰው በአካባቢው ቤቶችን ከገነባው የጣልያን ሥራ ተቋራጭ ሲሆን፣ ሲተረጎም «የግንበኞችና የሲሚንቶ ሠራተኞች ኅብረት ሥራ ማኅበር» ማለት ነው። ማኅበሩ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1901 በራቬና ከተማ ነበር።

በዚያው ዘመን ሉድቪግ ሃቼክ የተባለ ኦስትሪያዊ የፋብሪካ ባለቤት ሲሚንቶን ከድንጋይ ቃጫ ጋር በመቀላቀል ስስ፣ ቀላልና እሳት የማይበላው የጣሪያ ክዳን የሚሠራበትን ዘዴ አገኘ። ምርቱንም በላቲን «ዘላለማዊነት» ከሚለው ቃል አውጥቶ «ኤተርኒት» ብሎ ሰየመው። የቆዩ ግንበኞቻችን «ኢተርኒት» እያሉ የሚጠሩት ግራጫና ሞገዳማ ክዳን ይኸው ነው። ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ያስቀመጥኋቸው ዘመናቸውና ሲሚንቶው ስለገጠመ ብቻ ነው፤ ለሰፈሩ ስሙን የሰጠው ድርጅት በዚህ ጽሑፍ የሚከሰስበት ነገር የለም። ጉዳያችን በሲሚንቶው ውስጥ የተቀላቀለው ቃጫ ነው። ይህም ቃጫ አስቤስቶስ ይባላል፤ በግሪክኛ «የማይጠፋ» እንደ ማለት ነው። ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ ስሙን በሚገባ ያስመሰክራል።

የድንጋይ ቃጫ

አስቤስቶስ የአንድ ማዕድን ስም አይደለም። በቃጫ መልክ የሚያድጉ ስድስት የሲሊኬት ማዕድናት በአንድነት የሚጠሩበት የንግድ ስም ነው። ከእነዚህ ውስጥ በስፋት የተሠራበት ነጩ ክሪሶታይል ሲሆን፣ ቡናማው አሞሳይትና ሰማያዊው ክሮሲዶላይት ይከተላሉ። ክሪሶታይል የሚፈጠረው ማግኒዥየም የበዛባቸው ጥልቅ ዐለቶች ከውኃ ጋር ተዋሕደው ወደ ሰርፐንቲን ሲለወጡ ነው። እንዲህ ያሉ ዐለቶች በአገራችን በወለጋ ዩብዶና በአዶላ አካባቢ ይገኛሉ። አዲስ አበባ ግን የተቀመጠችው ከእሳተ ገሞራ በወጡ ዐለቶች ላይ ነው። ስለዚህ በከተማችን ውስጥ አስቤስቶስ ቢገኝ ከሥሯ ካለው መሬት የወጣ ሳይሆን ከጣሪያ ክዳን፣ ከቧንቧ፣ ከፍሬን ሸራ፣ ከፍሪሲዮን፣ ከሞተር ጓርኒሲዮንና ከቦይለር መሸፈኛ ጋር የመጣ ነው።

የአደጋው ምንጭ የማዕድኑ ኬሚካላዊ ይዘት ብቻ ሳይሆን ቅርጹም ነው። የሰው ጠጕር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ነው ብንል፣ አንድ የአስቤስቶስ ቃጫ ብዙውን ጊዜ ከ1 ማይክሮን ይቀጥናል። ስለዚህ በአፍንጫና በጉሮሮ ሳይያዝ እስከ መጨረሻዎቹ የሳንባ ከረጢቶች ይወርዳል። እዚያም ማክሮፌጅ የተባሉት በላኤ ሕዋሳት ይጠብቁታል። ችግሩ የአንድ ማክሮፌጅ ስፋት ከ20 ማይክሮን እምብዛም የማይበልጥ ሲሆን የቃጫው ርዝመት ግን ከዚያ ሊያልፍ መቻሉ ነው። ሕዋሱ ቃጫውን ለመዋጥ ይጀምራል፤ መጨረስ ግን አይችልም። ከአፉ የሚበልጥ ዘንግ እንደ ጎረሰ ሰው ይሆናል። በዚህ መሐል ጠላትን ለመግደል ያዘጋጃቸውን ኬሚካሎች በዙሪያው ይረጫል፤ በአንዳንዶቹ ቃጫዎች ውስጥ ያለው ብረትም ነፃ ራዲካሎችን ያስገኛል። ቃጫው ስለማይሟሟ ይህ ፍልሚያ በአንድ ሳምንት ወይም በአንድ ዓመት የሚያበቃ አይሆንም። በየጊዜው የሚጎዳው ዲኤንኤ፣ በሕዋስ ክፍፍል ጊዜም በቃጫው የሚሰናከሉት ክሮሞዞሞች ተጠራቅመው፣ ካንሰርን የሚገቱ ጂኖች ሥራቸውን እንዲያቆሙ ያደርጋሉ።

ማዕድን በሽታ ያመጣል ሲባል ለእኛ አዲስ ነገር ሊሆን አይገባም። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአገራችን የሠራው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ፣ «ዝሆኔ» እየተባለ ከሚጠራው የእግር እብጠት አንዱ ዓይነት ከትል ሳይሆን በባዶ እግር ከሚረገጠው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ደቃቅ ብናኞች ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱ እብጠቶች ለዐይን አንድ ናቸው፤ መንስኤያቸውና ሕክምናቸው ግን የተለያየ ነው። አሁን የምንነጋገርበትም ጉዳይ ተመሳሳይ ጠባይ አለው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት በሽታዎች

በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰር ያገለግላል። «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን አብዛኛው ሰው የሚረዳው ቲቢን ነው። ይህ የቃላት መደበላለቅ የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችን ብቻ የሚያስጨንቅ ይመስል ይሆናል። የሚያሳዝነው ነገር፣ በአስቤስቶስ ከሚመጡት ካንሰሮች ዋነኛው በሕመምተኛው ደረት ውስጥ የሚያሳየው መልክ ከቲቢ ጋር እጅግ መመሳሰሉ ነው።

አስቤስቶስ የሚያስከትላቸው ካንሰሮች ከአንድ በላይ ናቸው። የሳንባ ካንሰር፣ የማንቁርት ካንሰርና የማኅፀን እንቁላል ዕጢ ካንሰር ከእነዚሁ ይቆጠራሉ። ሜዞቴሊዮማ ግን ከሁሉም የተለየ ነው። የሚነሣው ሳንባን ከሚሸፍነው ስስ ልባስ፣ አልፎ አልፎም ከሆድ ዕቃ ልባስ ሲሆን፣ ከአስቤስቶስ ውጭ ሌላ መንስኤ የሚገኝለት በጥቂቱ ብቻ ነው። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ደረጃ ሲወጣ ይደክመዋል፤ በአንድ ጎኑ ድብን ያለ፣ የማይለቅ ሕመም ይሰማዋል፤ ሰውነቱ ይከሳል። ራጅ ሲነሣም በአንድ ወገን ሳንባው ውኃ ቋጥሮ ይገኛል።

አሁን ራሳችንን በሐኪሙ ቦታ እናስቀምጥ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2025 ባወጣው ዝርዝር ኢትዮጵያ ከፍተኛ የቲቢ ጫና ካለባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የከሳ፣ የሚያስለውና ደረቱ ውኃ የቋጠረ ሰው ፊቱ የቀረበ ሐኪም በመጀመሪያ ቲቢን ቢያስብ ትክክል ነው። ከዚህም በላይ የሳንባ ሽፋን ቲቢ በምርመራ በቀላሉ የሚያዝ በሽታ አይደለም። በተቋጠረው ውኃ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ በማይክሮስኮፕ አይታዩም ማለት ይቻላል፤ ጂን-ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ እንኳ ብዙዎቹን ያመልጡታል። ስለዚህ ባክቴሪያው ሳይገኝም ሕክምናውን መጀመር የተለመደ ነው።

የቲቢ መድኃኒት የሚወሰደው ለስድስት ወር ነው። ሜዞቴሊዮማ ያለበት ሰው ደግሞ በሽታው ከታወቀ በኋላ የሚኖርበት ጊዜ በአማካይ አንድ ዓመት ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተማሪ ስሕተቱ ምን ያህል ውድ እንደሆነ ይገነዘባል።

ከኪምበርሌይ የተገኘው ትምህርት

የሜዞቴሊዮማና የአስቤስቶስ ዝምድና በዓለም ፊት የተረጋገጠው በአህጉራችን፣ ያውም በአንድ የቲቢ ሆስፒታል በኩል መሆኑ ብዙ ጊዜ አይነገርም። በደቡብ አፍሪካ ኪምበርሌይ ከተማ የቲቢ ሆስፒታል ኃላፊ የነበረው ዶክተር ክሪስቶፈር ስሌግስ አንድ እንግዳ ነገር አስተዋለ። ከሌላ አካባቢ የመጡት የሳንባ ሽፋን ሕመምተኞች በቲቢ መድኃኒት ሲሻላቸው፣ ሰማያዊ አስቤስቶስ ከሚቆፈርባቸው ኮረብቶች በኩል የመጡት ግን አይሻላቸውም ነበር። በጆሃንስበርግ የሚሠራው የፓቶሎጂ ሊቅ ክሪስ ዋግነር የነዚህን ሕመምተኞች ናሙና ሲመረምር ያገኘው በዚያ ዘመን እምብዛም የማይታወቀውን ሜዞቴሊዮማ ነበር። ዋግነር፣ ስሌግስና የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ማርሻንድ እ.ኤ.አ. በ1960 የ33 ሕመምተኞችን ታሪክ አሳተሙ። ከሕመምተኞቹ ብዙዎቹ ማዕድን ቆፋሪዎች አልነበሩም። በልጅነታቸው በማዕድኑ አካባቢ ያደጉ፣ በአቧራው ላይ የተጫወቱ ሰዎች ነበሩ።

በዚህ ታሪክ የሚያስደንቀኝ አዲስ መሣሪያ አለመኖሩ ነው። ስሌግስ በእጁ የነበሩት ሁለት ነገሮች ብቻ ናቸው፤ ሕመምተኛው ለመድኃኒቱ የሰጠው ምላሽና የመጣበት ቦታ። የእነዚህን ሁለት መረጃዎች ኃይል በስሌት ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ብቻ የተወሰዱ እንጂ የጥናት ውጤት አይደሉም። ቲቢ ነው ተብለው መድኃኒት የጀመሩ 602 ሰዎች አሉ እንበል፤ ከእነርሱም 600ው በእርግጥ ቲቢ፣ 2ቱ ሜዞቴሊዮማ አለባቸው። አንዱን በዘፈቀደ ብናነሣ ካንሰር የመሆን ዕድሉ ከ301 አንድ ነው። ከሁለት ወር በኋላ ከቲቢ ሕመምተኞቹ 580ው ተሻላቸው። ያልተሻላቸው 22 ሰዎች ቀሩ፤ ዕድሉ ከ11 አንድ ሆነ። ከ22ቱ መካከል ከብዙ ዓመት በፊት በአቧራ ሥራ የቆዩት አራት ቢሆኑና ሁለቱ የካንሰር ሕመምተኞች ከነዚሁ ቢገኙ፣ ዕድሉ ከሁለት አንድ ይሆናል። አንድ ጥያቄና ሁለት ወር ትዕግሥት፣ ያለ ምንም ወጪ፣ ግምቱን ከአንድ መቶ ጊዜ በላይ ከፍ አደረጉት። በሒሳብ ትምህርት ክፍል የቤይስ ቀመር የሚባለው ይህ ነው።

ጥያቄው ምን መሆን አለበት?

«ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም። በአስቤስቶስ መጋለጥና በካንሰሩ መታየት መካከል ከ20 እስከ 50 ዓመት ስለሚያልፍ፣ ዛሬ ጡረተኛ ወይም ባለ ሱቅ የሆነው ሰው በወጣትነቱ የት ይውል እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። የፍሬን ሸራ ሲሞርድና የጎማ ከበሮውን በኮምፕረሰር ሲያራግፍ የኖረ የጋራዥ ሠራተኛ፣ የእንፋሎት ቦይለር የጠገነ መካኒክ፣ ኢተርኒት በመጋዝ የቆረጠ አናጢ፣ አሮጌ ቤት ያፈረሰ የቀን ሠራተኛ ሁሉም ሊጠየቁ ይገባል። የባሕር ኃይል ባልደረባ የነበረ ሰውም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1962 ከአሜሪካ የተሰጠችን «ኢትዮጵያ» የተባለችው መርከብ የተሠራችው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን የአሜሪካ የጦር መርከቦች ቧንቧና ሞተር ክፍል በአስቤስቶስ መሸፈኑ የታወቀ አሠራር ነበር።

ጥያቄው በሠራተኛው ብቻ መወሰን የለበትም። በሰሜን ጣልያን ካዛሌ ሞንፌራቶ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1986 የሠራ የኤተርኒት ፋብሪካ ነበር። ከሞቱት መካከል ፋብሪካውን ረግጠው የማያውቁ፣ የባሎቻቸውን የሥራ ልብስ ያጠቡ ሚስቶች አሉ። የፋብሪካው ተረፈ ምርት ግቢ ለመደልደልና የቤት ኮርኒስ ላይ ለማልበስ ይወሰድ ስለነበር ጎረቤቶችም አልዳኑም። ፋብሪካው ከተዘጋ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም ከተማዋ አዳዲስ ሕመምተኞችን ማስመዝገቧን አላቆመችም። ጣልያን አስቤስቶስን በሕግ ያገደችው በ1992 ነው።

ስለ ሲጋራም መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ትርጉሙ ግን እንደ ካንሰሩ ዓይነት ይለያያል። ሲጋራ ሜዞቴሊዮማን አያመጣም። በሳንባ ካንሰር ላይ ግን ሁለቱ ይደጋገፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1979 በአሜሪካ የሙቀት መከላከያ ሠራተኞች ላይ የታተመው የሃሞንድና የሴሊኮፍ ጥናት፣ ከማያጨስና ካልተጋለጠ ሰው ጋር ሲነጻጸር በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድል በአስቤስቶስ ብቻ 5 ጊዜ፣ በሲጋራ ብቻ 11 ጊዜ ያህል፣ በሁለቱ በአንድነት ደግሞ ከ50 ጊዜ በላይ እንደሚሆን አሳይቷል። ውጤቱ ከድምር ይልቅ ወደ ብዜት ይጠጋል።

ከራጅ እስከ ቤተ ሙከራ

ጥርጣሬው ከተነሣ በኋላ ምርመራው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ሲቲ ስካን በደረት ግድግዳና በዲያፍራም ላይ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ወገን፣ የኖራ ክምችት ያለባቸው ጠፍጣፋ ጠባሳዎችን ሊያሳይ ይችላል። እነዚህ በራሳቸው ካንሰር አይደሉም፤ ሰውየው አንድ ቀን ለአስቤስቶስ መጋለጡን የሚመሰክሩ ምልክቶች ናቸው። ቲቢ የሚተወው ጠባሳ በአብዛኛው በአንድ ወገን የሚወሰን ነው። የሳንባው ሽፋን ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወፈረ፣ ጉብ ጉብ ካለ፣ ሳንባውን ዙሪያውን ካቀፈውና በልብ በኩል ያለውን ክፍል ከያዘ ግን ካንሰርነቱ ያመዝናል።

ቀጥሎ የተቋጠረው ውኃ በመርፌ ተቀድቶ ይመረመራል። በውኃው ውስጥ አዴኖሲን ዲአሚኔዝ የተባለው ኢንዛይም ከፍ ማለቱ ቲቢን ይደግፋል። በውኃው የሚገኙት ሕዋሳት ግን ሜዞቴሊዮማን ለመለየት አስተማማኝ አይደሉም፤ በቲቢ የተቆጣ ሽፋን የሚያራግፋቸው ጤነኛ ሕዋሳት ካንሰር ይመስላሉ፤ የካንሰሩ ሕዋሳትም ጤነኛ ሊመስሉ ይችላሉ። ስለዚህ ውሳኔው የሚሰጠው ከሽፋኑ በተቆረጠ ናሙና ነው። በተቻለ መጠን በጎድን አጥንቶች መካከል በሚገባ መመልከቻ እየታየ የተወሰደ ናሙና ይመረጣል፤ በጭፍን የተወጋ መርፌ የታመመውን ቦታ ሊስተው ይችላልና።

ናሙናው ፓቶሎጂ ክፍል ሲደርስ በተለመደው ቀለም ብቻ አይፈረድበትም። ፀረ እንግዳ አካላትን በመጠቀም በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች የሚያሳየው ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ ያስፈልጋል። ካልሬቲኒንና ደብልዩቲ-1 ከተገኙ ሕዋሱ ከልባሱ የተነሣ ነው ይባላል፤ ቲቲኤፍ-1 ከተገኘ ግን ወደ ሳንባ ካንሰር ያመለክታል። አንዱ ምልክት ብቻውን ስለማይታመን ከሁለቱም ወገን ቢያንስ ሁለት ሁለት ይታያሉ። ቢኤፒ-1 የተባለው ፕሮቲን ከሕዋሱ አስኳል መጥፋቱ ደግሞ ሕዋሱ በቁጣ የበዛ ጤነኛ ሳይሆን ካንሰር መሆኑን ለመወሰን ይረዳል። በሳንባው ሥጋ ውስጥ በብረት ተለብጠው የደንበል ቅርጽ የያዙ ቃጫዎች፣ ማለትም «የአስቤስቶስ አካላት»፣ በሰማያዊ ቀለም ከታዩ የመጋለጡ ማስረጃ ይሟላል።

ሕክምናው ፈውስ ባይሆንም ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 ፔሜትሬክስድ ከሲስፕላቲን ጋር ሲሰጥ አማካዩ ዕድሜ ከ9 ወደ 12 ወር ከፍ ማለቱ ታየ፤ በ2020 ደግሞ ሁለት የበሽታ መከላከያ ኃይልን የሚያነቃቁ መድኃኒቶች በአንድነት ወደ 18 ወር አድርሰውታል። የምርመራው ጥቅም በሕመምተኛው ላይ ብቻ አያበቃም። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 የተቋቋመው የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የሚመዘግበው ካንሰር መሆኑ የታወቀለትን ሕመም ነው። ቲቢ ተብሎ ያለፈ ሜዞቴሊዮማ በዚያ መዝገብ ላይ የለም፤ ከሥራ ለመጣ በሽታ የሚገባው ካሣም ለቤተሰቡ አይጠየቅም።

ጣሪያዬ ኢተርኒት ቢሆንስ?

ይህን ያነበበ የሲኤምሲ ወይም የሌላ ሰፈር ነዋሪ ቀና ብሎ ጣሪያውን ቢመለከት አይፈረድበትም። ያልተሰነጠቀና ማንም ያልነካው ኢተርኒት ቃጫውን በሲሚንቶው ውስጥ አስሮ ይይዛል። አደጋው የሚጀምረው ሲቆረጥ፣ ሲበሳ፣ ሲሰበርና ስብርባሪው በደረቁ ሲጠረግ ነው። በአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧ ያለፈ ውኃ መጠጣትን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በምግብና በውኃ የሚገባ አስቤስቶስ ጎጂ ስለመሆኑ ወጥ ማስረጃ አለመገኘቱን ገልጿል። ያንኑ ቧንቧ በመጋዝ የሚቆርጠው ሠራተኛ ጉዳይ ግን ሌላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማትና በሌሎችም ግንባታዎች በአዲስ አበባ ብዙ ያረጁ ቤቶች ፈርሰዋል። አሮጌ ክዳን የሚያነሣ ሠራተኛ ውኃ እየረጨ፣ ሳይሰብር፣ ሚስማሩን ነቅሎ ሙሉውን ቢያወርደው የሚተነፍሰው ቃጫ እጅግ ይቀንሳል። በአፍ ላይ የታሰረ ጨርቅ ወይም ተራ የሕክምና ጭምብል ለዚህ ሥራ አይረዳም፤ ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራ ጭምብል ያስፈልጋል። የሥራ ልብሱም ሳይራገፍ፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ፣ ከቤተሰቡ ልብስ ተለይቶ ይታጠብ። ስብርባሪውን ለመንገድ መደልደያ ወይም ለአጥር መሙያ መውሰድ ካዛሌ የሠራችውን ስሕተት መድገም ነው።

ክዳኑ በእርግጥ አስቤስቶስ ያለበት መሆኑን በዐይን ብቻ መወሰን አይቻልም፤ ዛሬ በሌላ ቃጫ የሚሠሩ ተመሳሳይ ክዳኖች አሉና። የሥነ ምድር ተማሪዎች ግን መልሱን የሚሰጥ መሣሪያ በየቤተ ሙከራቸው አላቸው። ከተሰበረ ጠርዝ በውኃ ረጥቦ የተወሰደች የጥፍር ታህል ቁራጭ፣ በታሸገ ዕቃ ተይዛ፣ አየር በሚስብ መከለያ ሥር ተዘጋጅታ በፖላራይዝድ ብርሃን ማይክሮስኮፕ ስትታይ፣ የክሪሶታይል ቃጫ በሁለት ተሻጋሪ ማጣሪያዎች መካከል ጠረጴዛው ሲዞር ይበራል፣ ይጠፋል፣ ደግሞም ይበራል። የመስተዋት ቃጫ ግን ምንም ያህል ቢዞር ጨለማ ሆኖ ይቀራል።